የማህፀን ሽፋን ሕዋሳት መቼ ይኖራሉ? መቼስ ይረግፋሉ?

የወር አበባ ሰውነት የሚያስወግደው «የተበላሸ ደም» ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት ይሰማል። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት ደሟ ሲቀርባት «ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?» ብላ የምትጨነቀው ከዚሁ አስተሳሰብ ተነሥታ ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ደሙ ከምን እንደሚመጣ ያልተነገረው ሰው፣ ሳይፈስ ሲቀር የት እንደገባ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ያሉ ሕዋሳት በምን ምክንያት እንደሚኖሩና በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ስንረዳ ነው። ይህን በዚህ ትምህርት ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

አስቀድመን የምንጠቀምባቸውን ቃላት ትርጉም እንያዝ። ሕዋስ ማለት አካላችን የተገነባበት፣ ራሱን ችሎ የሚመገብና የሚባዛ ትንሹ የሕይወት ክፍል ነው። ሆርሞን ማለት በአንድ እጢ ተመርቶ በደም አማካይነት ወደ ሌላ የአካል ክፍል የሚደርስና በዚያ ያሉ ሕዋሳት ሥራቸውን እንዲለውጡ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ተቀባይ ማለት ደግሞ አንድን ሆርሞን ለይቶ የሚይዝ፣ በሕዋሱ ያለ ፕሮቲን ነው። ሆርሞን በደም ውስጥ ዞሮ መላ አካልን ይደርሳል፤ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ባለበት ሕዋስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሆርሞኑ አለ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ሕዋሱ ተቀባዩን ይዟል ወይ?» የሚለውን ሁልጊዜ አብረን እንጠይቃለን። ይህ ልዩነት ወደፊት ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

ማህፀን ግድግዳው ከወፍራም ጡንቻ የተሠራ አካል ነው። የግድግዳውን የውስጥ ገጽ የሚሸፍነው ለስላሳ ሥጋ ኢንዶሜትሪየም ይባላል፤ እኛ «የማህፀን ሽፋን» እንለዋለን። ሽፋኑ ሁለት ንብርብር አለው። ከጡንቻው ጋር የተያያዘው የታችኛው ንብርብር በየወሩ አይረግፍም፤ ከእርሱ በላይ ያለው ግን በየወሩ ይገነባል፣ በየወሩም ይረግፋል። በላይኛው ንብርብር ውስጥ ፈሳሽ የሚያመነጩ እጢዎች፣ በእጢዎቹ መካከል ያለውን ቦታ የሚሞሉ ደጋፊ ሕዋሳት፣ እንዲሁም እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ስሮች አሉ። ከወር አበባ ማግሥት ሽፋኑ በአልትራሳውንድ ሲለካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዑደቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ግን 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ቃል ይቀረናል፤ እርሱም የሕዋስ ሞት ነው። ሕዋስ በሁለት መንገድ ይሞታል። የመጀመሪያው የጉዳት ሞት ነው፤ ሕዋሱ ሲቃጠል፣ ሲመረዝ ወይም ደም ሲቋረጥበት ያብጥና ይፈነዳል፣ ውስጡ ያለውም ፈስሶ አካባቢውን ያስቆጣል። ሁለተኛው የሥርዓት ሞት ነው። ጆን ኬር፣ አንድሪው ዋይሊና አላስቴር ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። በዚህ ሞት ሕዋሱ ያለበትን የመሞቻ መመሪያ ራሱ ይፈጽማል። በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ሕዋሱ መጀመሪያ ሲጨማደድና ከጎረቤቶቹ ሲላቀቅ፣ ጂኖቹን የያዘው ኒውክለሱ ተጨምቆ ሲጠቁር፣ ከዚያም በገለፈት ወደ ተጠቀለሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ሲከፋፈል ይመለከታል። ቁርጥራጮቹን በአቅራቢያ ያሉ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ የፈሰሰም የተቆጣም ነገር አይኖርም።

ይህን ሞት የሚያግዱና የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አሉ። ከአጋጆቹ ቢሲኤል-2 የተባለው ይጠቀሳል፤ ከአፋጣኞቹ ደግሞ ባክስና ቢም የተባሉት። የአንድ ሕዋስ መኖር ወይም መሞት በአብዛኛው የሚወሰነው የትኞቹ እንዳመዘኑ ነው፤ የሆርሞን ተጽዕኖም እዚህ ሚዛን ላይ ይደርሳል። እስካሁን ያልነውን ባጭሩ እንሰብስበው፦ ሽፋኑ ሁለት ንብርብር አለው፣ ሆርሞን የሚሠራው ተቀባይ ባለበት ነው፣ ሕዋስ ደግሞ በጉዳትም በሥርዓትም ሊሞት ይችላል።

አሁን ወደ ሆርሞኖቹ እንለፍ። ዋናዎቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ናቸው። ሁለቱም ከኮሌስትሮል የሚሠሩ በመሆናቸው በሕዋስ ገለፈት በቀላሉ ያልፋሉ፤ ውስጥ ገብተው ተቀባያቸውን ካገኙ በኋላ የትኛው ጂን እንደሚሠራና የትኛው እንደሚያርፍ ይወስናሉ።

የወር አበባ ካለቀ በኋላ በኦቫሪ ውስጥ የምታድገው እንቁላል ያለችበት ከረጢት ኢስትሮጅን ማመንጨት ትጀምራለች። ኢስትሮጅን የሽፋኑን ሕዋሳት እንዲባዙ ያደርጋል፤ በዚህ ወቅት በእጢዎቹ ሕዋሳት ውስጥ ቢሲኤል-2 በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የሚወለዱት ሕዋሳት ብዙ፣ የሚሞቱት ጥቂት ይሆናሉ፤ ሽፋኑም ይወፍራል። ኢስትሮጅን ሌላም ሥራ አለው፤ ሕዋሳቱ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንዲያበጁ ያደርጋል። ማለትም ለሚቀጥለው ሆርሞን መንገዱን የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ኢስትሮጅን ያልቀደመው ፕሮጄስትሮን በሽፋኑ ላይ ብዙም የሚሠራው የለውም።

እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ባዶ የቀረው ከረጢት ቢጫ አካል ወደሚባል እጢ ይለወጣል። የቢጫ አካል ዋና ምርት ፕሮጄስትሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ ከቢጫ አካል የወጣ ጭማቂ ኦቫሪዋ የተወገደ ጥንቸልን እርግዝና ማቆየት እንደሚችል አሳይተዋል።

ፕሮጄስትሮን ሽፋኑ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው ዕድገቱን መግታት ነው። የኢስትሮጅን ተቀባዮችን ቁጥር ይቀንሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ብርቱ ኢስትሮጅንም ወደ ደካማ ዓይነት የሚለውጥ ኢንዛይም እንዲመረት ያደርጋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ይደናገራሉ። ፕሮጄስትሮን «ተባዙ» አይልም፤ ነገር ግን «ሙቱ»ም አይልም። የሚለው «መባዛቱ ይብቃ፤ አሁን ብሰሉ» ነው። በዚህም እጢዎቹ ለፅንስ ምግብ የሚሆን ፈሳሽ ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ቀጫጭኖቹ ደጋፊ ሕዋሳትም ቀስ በቀስ ይወፍራሉ፣ ክብ ይሆናሉ፣ ፅንስ መጥቶ ቢቀመጥ የሚይዙትና የሚመግቡት ወደ መሆን ይለወጣሉ። ይህን ለውጥ «መብሰል» እንበለው።

የበሰለ ሕዋስ አንድ ትልቅ ነገር አትርፎ አንድ ትልቅ ነገር ያጣል። ያተረፈው ፅንስን የመቀበል ችሎታን ነው። ያጣው ያለ ፕሮጄስትሮን የመኖር ነጻነቱን ነው፤ ከእንግዲህ ሕይወቱ በዚያ ሆርሞን ላይ ተንጠልጥሏል። ፎክስኦ1 የሚባለው ፕሮቲን ይህን በግልጽ ያሳያል። ሕዋሱ እንዲበስል ከሚያደርጉት አንዱ እርሱ ነው። ፕሮጄስትሮን እስካለ ድረስ አብዛኛው ፎክስኦ1 ከኒውክለስ ውጭ ተይዞ ይቆያል። ፕሮጄስትሮን ሲቋረጥ ግን ወደ ኒውክለስ ተመልሶ ይከማቻል፤ ሞትን የሚያፋጥነው ቢም እንዲመረትም ያደርጋል። አንዱ ፕሮቲን ሕዋሱን አብስሎ ያኖረዋል፣ ሆርሞኑ ሲሄድ ደግሞ ወደ ሞት ይመራዋል።

የዚህ ትምህርት እምብርት ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የፕሮጄስትሮን አለመኖርና የፕሮጄስትሮን መቋረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዝ ኖሮት የማያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ በወር የሚከፈልበት ቤት አይከራይም፤ በደመወዙ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ድንገት የተቋረጠበት ሰው ግን ቤቱን መልቀቁ አይቀርም። ሁለቱም ዛሬ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚደርስባቸው ግን አንድ አይደለም። ፕሮጄስትሮን አይቶ የማያውቅ ሽፋን በኢስትሮጅን ብቻ ማደጉን ይቀጥላል። ፕሮጄስትሮን አግኝቶ የበሰለ ሽፋን ግን ሆርሞኑ ሲቋረጥበት ይረግፋል። ሦስተኛ ሁኔታም አለ፤ እርሱም ፕሮጄስትሮን መጥቶ ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። አለመኖር፣ መቆየትና መቋረጥ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አሏቸው፤ አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

ከመቋረጥ እንጀምር። ቢጫ አካል ዕድሜው አጭር ነው፤ የሚያድነው ካላገኘ በ14 ቀን ገደማ ውስጥ ይከስማል። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን በፍጥነት ይወርዳል። ጆሴፍ ማርኪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በዓይን የሚታይበትን ዘዴ አገኘ። ከሬሰስ ጦጣዎች የማህፀን ሽፋን ትናንሽ ቁራጮች ወስዶ በራሳቸው በጦጣዎቹ ዓይን የፊተኛ ክፍል፣ ከብሌኑ ፊት ባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ተከላቸው። ቁራጮቹ በዚያ ሥር ሰደዱ፤ ለሆርሞኖቹም እንደ ማህፀኑ ሽፋን መልስ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ሥራ ያየውን ዘርዝሯል፦ መጀመሪያ ሽፋኑ ውኃው ተመጦ ይሟሽሻል። ሽፋኑ ሲሳሳ ጠመዝማዛዎቹ ስሮች ይበልጥ ይጠቀለላሉ፣ የደሙ ፍሰትም ይዘገያል። ከዚያ ስሮቹ ይጨመደዳሉ፣ ቁራጩ ይገረጣል። ከሰዓታት በኋላ ስሮቹ አንድ በአንድ ሲላሉ ደም ይንጠባጠባል።

ከማርኪ በኋላ የመጣው ጥናት ለዚህ እይታ ምክንያቱን ሰጠው። ፕሮጄስትሮን በሽፋኑ ውስጥ ብግነትን አፍኖ ይይዛል። ብግነት ማለት የአካል ሥጋ ሲቆጣ የሚያሳየው ምላሽ፣ ማለትም ማበጥ፣ መሞቅ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን መጥራት ነው። ፕሮጄስትሮን ሲቋረጥ ይህ አፈና ይነሣል። ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመረታሉ፤ ስሮቹንም ጡንቻውንም ያጨመድዳሉ፣ የወር አበባ ቁርጠትም ከዚህ ይመጣል። አይቡፕሮፌን ቁርጠቱን የሚያስታግሰው የፕሮስታግላንዲንን ምርት በመቀነሱ ነው፤ ሕመሙ ገና ሲጀምር መውሰዱ ዘግይቶ ከመውሰድ የሚሻለውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሕዋሳትን አያይዞ የሚይዘውን መረብ የሚበሉ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ። የበሰሉት ሕዋሳት አንዳንዶቹ በሥርዓት ይሞታሉ፣ ሌሎቹ መያዣቸው ስለተበላ በጅምላ ይላቀቃሉ። ስለዚህ የሚፈሰው ደም ብቻ አይደለም፤ የረገፈው ሽፋንም አብሮት አለ። በዚያ ደም ውስጥ መርዝም ቆሻሻም የለም።

ይህ መርገፍ ለተወሰነ ጊዜ ሊመለስ መቻሉ ይደንቀኛል። በጦጣዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ፕሮጄስትሮን ከተቋረጠ 36 ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰ መርገፉ ይቀራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሆርሞኑ ቢመለስም ሽፋኑ አይተርፍም። የታችኛው ንብርብር ደግሞ በዚህ ሁሉ መካከል ሳይረግፍ ይቆያል፤ አዲሱ ሽፋን በቀናት ውስጥ ጠባሳ ሳይተው የሚታደሰው ከእርሱ ነው።

አንድ ልዩነት እግረ መንገዴን ላስታውስ። ሴት ውሻ ስትደማ ያየ ሰው እርሷም የወር አበባ ታያለች ብሎ ያስባል። የውሻ መድማት ግን የሚመጣው እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ኢስትሮጅን ሲጨምር ነው፤ ሽፋኗ አይረግፍም። በሰው ልጅ ግን ሽፋኑ ፅንስ ሳይመጣ በየወሩ አስቀድሞ ይበስላል፤ ፅንስ ካልመጣ ደግሞ የበሰለው ይረግፋል። እንዲህ የሚሆንባቸው አጥቢ እንስሳት ጥቂት ናቸው፤ ከጦጣና ዝንጀሮ ወገኖች ሌላ አንዳንድ የሌሊት ወፎች ይገኙባቸዋል።

ሁለተኛው ሁኔታ መቆየት ነው። ፅንስ በሽፋኑ ላይ ሲቀመጥ ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኤችሲጂ ለሽፋኑ በቀጥታ «ኑር» ከማለት ይልቅ ቢጫ አካሉ እንዳይከስም ያደርጋል፤ ቢጫ አካሉ ፕሮጄስትሮን ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ ሽፋኑም ይኖራል። እርግዝናው ከ7 እስከ 9 ሳምንት ሲሆነው የእንግዴ ልጁ ፕሮጄስትሮኑን ራሱ ማመንጨት ይችላል። የእርጉዝ ሴት ወር አበባ የሚቀረው እንግዲህ ፕሮጄስትሮኑ ስላልተቋረጠ ነው።

በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ አሁን መመለስ እንችላለን። የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ አላቸው። መርፌው እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ሆርሞኑም ሳይቋረጥ ስለሚቆይ የሽፋኑ ሕዋሳት አይባዙም፣ ሽፋኑም ስስ ሆኖ ይቀራል። ያልተገነባ ሽፋን አይረግፍም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ደም የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልፎ አልፎ የሚታየው ጠብታ ደግሞ የሚመጣው በስሱ ሽፋን ያሉት ስሮች በቀላሉ የሚሰነጠቁ በመሆናቸው ነው። ደሙ ከበዛ ወይም ካልቆመ ግን መርፌውን ወደሰጠው ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ይገባል። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን በአንድነት ያለበት የ28 ቀን ኪኒን ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ ፓኬቶች መጨረሻ ያሉት ሰባት ቡናማ ፍሬዎች የአይረን ፍሬዎች ናቸው፤ ሆርሞን የላቸውም። እነርሱ ሲዋጡ ሆርሞኑ ይቋረጣል፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ደም ይመጣል። አንዱ መከላከያ ደም ሲያስቀር ሌላው በየወሩ ማምጣቱ የመቆየትና የመቋረጥ ልዩነት ነው እንጂ የአንዱ ጤናማነት የሌላው ጎጂነት ምልክት አይደለም።

የቀረን አለመኖር ነው፤ ከሦስቱ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው እርሱ ነው። እንቁላል በማይወጣበት ወር ቢጫ አካል አይፈጠርም፣ ፕሮጄስትሮንም አይኖርም። ኢስትሮጅን ግን አለ። ሕዋሳቱ ይባዛሉ፤ የሚገታቸው የለም፣ የሚያበስላቸውም የለም፣ በሥርዓት የሚያረግፋቸውም መቋረጥ የለም። ሽፋኑ ከአቅሙ በላይ ሲወፍር ከዚህም ከዚያም ይቆረሳል፤ ደሙም ጊዜ ሳይጠብቅ፣ አንዳንዴ ለወራት ቀርቶ፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ሳይቆም ይመጣል። ይህ አንድ ሁለት ወር ቢያጋጥም አያስጨንቅም፤ የወር አበባ በጀመሩ ልጃገረዶች የመጀመሪያ ዓመታትም የተለመደ ነው። ለዓመታት ሲቀጥል ግን ከብዙ መባዛት መካከል የተሳሳቱ ሕዋሳት ሊነሡ፣ ወደ ካንሰርም ሊያመሩ ይችላሉ።

ይህ ትምህርት ዋጋ ተከፍሎበታል። በአሜሪካ ላረጡ ሴቶች ኢስትሮጅን ብቻውን በብዛት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ የሕክምና መጽሔት አብረው የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህ አሰጣጥ ከማህፀን ሽፋን ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅን ሲታዘዝ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን አብሮ ይታዘዛል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በስብ ሕዋሳት ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል፣ ኦቫሪዋ ሥራ ባቆመ ሴት እንኳ። የጡት ካንሰር ያለባቸው የሚወስዱት ታሞክሲፈን ደግሞ ስለ ተቀባይ የያዝነውን ያስታውሰናል፤ በጡት የኢስትሮጅንን ሥራ ያግዳል፣ በማህፀን ሽፋን ላይ ግን እንደ ኢስትሮጅን ሊሠራ ይችላል። መድኃኒቱ ጥቅሙ ትልቅ ስለሆነ በራስ ውሳኔ የሚቋረጥ አይደለም፤ የሚወስዱት ሴቶች ያልተለመደ ደም ሲያዩ ለሐኪማቸው መንገር ይኖርባቸዋል። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ወፍሮ ወደ ካንሰር ሳይደርስ ከተገኘ፣ የጎደለውን ሆርሞን በኪኒን ወይም ሆርሞን ባለው ሉፕ በመስጠት ብዙ ጊዜ ወደ ጤናው ይመለሳል።

በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያዎች እየተስፋፋ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም የማህፀን በርና የማህፀን ሽፋን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፣ ካንሰራቸውም ምክንያቱ የተለያየ ነው። የበሩ ካንሰር በአብዛኛው ኤችፒቪ ከተባለው ቫይረስ ይመጣል፤ የሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ካልተገታ ኢስትሮጅን ይመጣል። በሩን አስመርምራ «ነጻ ነሽ» የተባለች እናት ስለ ሽፋኗ ገና አልተነገራትም። ስለዚህ ካረጠች ዓመት ያለፋት ሴት ጠብታም ቢሆን ደም ካየች «ወር አበባዬ ተመለሰ» ብላ ሳትተወው ወደ ሐኪም ትሂድ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሽፋኑ መሳሳት ወይም ሌላ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ የሽፋኑን ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ወይም ደሙ ከተደጋገመ ከሽፋኑ ጥቂት ናሙና በቀጭን ቱቦ ይወስዳል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ ስስና ጸጥ ያሉ ናቸው ወይስ ማንም ሳይገታቸው እየተባዙ ነው የሚለው ይለያል፤ ሕክምናውም በዚያው መሠረት ይወሰናል።